የስልክ ደብተሩ እና የዓመቱ መዝጊያ

በባሕር ዳር የምናሰራጨው የጠዋት የራዲዮ ፕሮግራማችን ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የዓመቱን ስርጭት ዘጋ። ፕሮግራሙ አየር ላይ መዋል ከጀመረ 14 ዓመት ሆኖታል፤ እኔ በሦስተኛው ዓመት ገብቼ፣ መጀመሪያ ስልክ ተቀባይ፣ በኋላ የድምፅ ቴክኒሺያን፣ ከዚያም አዘጋጅ ሆኜ እስከ ዛሬ አለሁበት። አዘጋጅ ከሆንኩ ወዲህ የዓመት መዝጊያውን ማሰናዳት የእኔ ሥራ ነው፤ ዘንድሮ እስኪመጣ ድረስም ሁልጊዜ የማሰናዳው በአንድ መንገድ ነበር። ዘንድሮ ግን መንገዱን ለወጥኩ። ሙከራው ከፊሉ የተሳካ፣ ከፊሉ ያልተሳካ በመሆኑ፣ ነገሩ ሳይቀዘቅዝብኝ ልጽፈው ወደድሁ።

ጳጉሜን ለጠዋት ፕሮግራም አስቸጋሪ ወር ናት። እንግዳ የሚሆኑ ሰዎች ግማሾቹ ወደ ትውልድ ቀያቸው ይሄዳሉ፣ ግማሾቹ ስልካቸውን አያነሡም። ማስታወቂያ አስነጋሪዎች በወር ሲዋዋሉ አምስቷን ቀን እንደ ወር እንቁጠራት ወይስ ከነሐሴ ጋር እንደምራት የሚለው ክርክር በየዓመቱ እንደ አዲስ ይነሣል። (ደመወዝ የሌላት ወር መሆኗን ሁላችንም ስለምናውቅ፣ የእኛ ድምፅ ሁልጊዜ ከነሐሴ ጋር ትደመር ከሚሉት ወገን አይደለም።) በዚህ መካከል የዓመት መዝጊያ ይሠራል ማለት፣ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው የተነገረውን ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ማሳጠር ማለት ነው።

የቀድሞው መንገዴ ይህ ነበር። ከሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ ሃርድ ዲስኩን ከፍቼ የዓመቱን ቅጂዎች አዳምጣለሁ፣ ጥሩ ጥሩውን እቆርጣለሁ፣ በመካከላቸው ሙዚቃ አስገብቼ እሰፋዋለሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ ችግሩ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያለው ነገር ነው። እኛ የምንቀዳው ቀጠሮ ይዞ የመጣን እንግዳ ነው። ቀጠሮ ይዞ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው ኃላፊ ነው፤ ኃላፊ ሲመጣ ሚክሰሩ (የድምፅ ማመጣጠኛው) አስቀድሞ ይስተካከላል፣ ማይክሮፎኑ ይሞከራል፣ መቅጃው ይበራል። ከዚያ ውጭ ያለው ማለትም ሰዓቱ፣ የገበያው ወሬ፣ የወደቀው መታወቂያ፣ የደዋዩ ድምፅ፣ የፕሮግራማችን አቅራቢ ሳቅ ሲያሸንፈው ማይክሮፎኑን የሚያጠፋበት ቅጽበት፣ ተነግሮ ያልፋል። ስርጭቱን በሙሉ የሚቀዳ መሣሪያ መኖሩስ አለ፤ ነገር ግን ቦታው ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ በአዲሱ ይተካል። ከዚህ የተነሣ የዓመት መዝጊያችንን ከሩቅ አገር መጥቶ የሚሰማ ሰው ቢኖር፣ ባሕር ዳር ዓመቱን በሙሉ የመሠረት ድንጋይ ሲጣልባትና ሪባን ሲቆረጥባት የከረመች ከተማ ትመስለዋለች።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በግንቦት 2016 አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት እንዳለው፣ ለባለ ብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ መንገድ እንደተሠራለት የሚናገሩ ቅጂዎች በሽበሽ ነበሩን፤ ሁሉም የዓመት መዝጊያው ውስጥ ገቡ። በዚያው ሰሞን ግን አንዲት ሴት ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ ከወዲያኛው ጫፍ ሆና ደውላልን ነበር። መተንፈሻ እያጣች፣ መኪናው ከኋላዋ እያለፈ፣ “እርምጃውን ቆጠርኩት” ብላ ቁጥሩን ነገረችን። አቅራቢያችን “ስንት አሉኝ?” ብሎ ሲያስደግማት፣ የእሷ እርምጃ አጭር እንደሆነ፣ ባሏ ቢቆጥረው ከዚያ እንደሚያንስ አስረዳችው። ይህን የቀዳ ሰው የለም። ስለ ድልድዩ በዚያ ሰሞን ከሰማሁት ሁሉ ግን በጆሮዬ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

መንገዱን እንድለውጥ ያስገደደኝ ሌላው ምክንያት የራሴ ስሕተት ነው፤ እሱንም ልናገር። በ2016 መጨረሻ የዓመት መዝጊያውን አስቀድሜ ቀድቼና ሰፍቼ ጨርሼ ነበር። የመግቢያ ንግግሩን ስፈልግ ግን ያለፈውን ዓመት ከዚያ ዓመቱ ጋር በአንድ ማኅደር ውስጥ አስቀምጬው ኖሮ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ማለዳ ላይ ያጫወትኩት የ2015ቱን ሆነ። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ በዋዜማው፣ ሰው ሁሉ ዶሮውን አስሮ፣ ቄጤማውን ገዝቶ ነገን ሲጠብቅ፣ የእኛ ራዲዮ በሚያምር ሙዚቃ ታጅቦ “አዲሱ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል” ብሎ አወጀ። ስልኩ ፋታ አጣ። አንድ አረጋዊ ተራቸው ሲደርስ፣ ቁጣ በሌለበት፣ ተማሪ በሚያስረዱበት ድምፅ፣ “ልጄ፣ ዘንድሮ ዮሐንስ ነው። ስድስተኛዋ ቀን ከሉቃስ ጋር ሄዳለች፤ ከእንግዲህ ሦስት ዓመት ቆይታ ነው የምትመጣ” አሉኝ። አንዲት እናት ደግሞ ቁም ነገሩ ላይ አተኮረች፦ “እናንተን ብዬ ዶሮውን ነገ ባርደው ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር?” እኔ በመስተዋቱ ማዶ ያለውን አቅራቢ ማየት አፍሬ ሚክሰሩ ላይ አቀርቅሬ ነበር።

ያን ቀን ሲመሽ አሰብኩት። ከዓመቱ መዝጊያ ውስጥ ሰው ከልቡ ያዳመጠው፣ እየሳቀም እየተቆጣም የተነጋገረበት፣ ያ ስሕተትና ስሕተቱን ተከትለው የመጡት ስልኮች ናቸው። የሰፋሁት ሁለት ሰዓት ተኩል እንደ ጀርባ ሙዚቃ ነው ያለፈው።

ስለዚህ ዘንድሮ ሃርድ ዲስኩን ትቼ ደብተሩን አነሣሁ።

ደብተሩ የስልክ ተቀባዩ ደብተር ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ባለ መስመር፣ ጥጉ በቡና ስኒ ክብ ምልክት የታተመ ደብተር ሲሆን በየገጹ በማስመሪያ አራት ዓምድ ተሰምሮበታል፦ ሰዓት፣ ስም፣ ሰፈር፣ ጉዳይ። ስልክ የሚቀበል ሰው ደዋዩን ወደ አየር ከማስገባቱ በፊት ፈጥኖ የሚጽፈው ስለሆነ ጽሑፉ ይሮጣል፤ “ውሃ 4ኛ ቀን”፣ “መታወቂያ ተገኘ”፣ “ሰዓት ተሳስታችኋል”፣ “ዝም ብሎ ሰላም ሊል”። ከጎኑ አንዳንድ ጊዜ ለአቅራቢው የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ፦ “ራዲዮኑን አልቀነሰም”። ይህ የመጨረሻው ለማያውቀው ሰው ማብራሪያ ያስፈልገው ይሆናል። ደዋዩ አጠገቡ ያለውን ራዲዮ ከፍቶ ሲያወራ፣ ድምፁ በስልኩ ገብቶ በራዲዮው ወጥቶ እንደገና በስልኩ ይገባና ይጮኻል። “እባክዎ ራዲዮኑን ይቀንሱልን” የሚለው ልመና ዓመቱን በሙሉ ከሰዓት ቀጥሎ ደጋግመን የተናገርነው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አይቀርም። እናቶች በተለይ አይቀንሱም፤ የራሳቸውን ድምፅ ከራዲዮው ሲወጣ ሊሰሙት ነው የደወሉት።

ነሐሴ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ደብተሩን ገጽ በገጽ አነበብኩት። ውሃና መብራት ይበዛሉ፤ ያን ማንም ይገምተዋል፤ አላስረዝመውም። ያልገመትኩት የተገኙ ዕቃዎች ብዛት ነበር። ሰው ዕቃ ጠፋኝ ብሎ ከሚደውለው ባላነሰ፣ ዕቃ አገኘሁ ብሎ ይደውላል። ከዘንዘልማ የተነሣ ባጃጅ ነጂ ወንበሩ ሥር የትምህርት ማስረጃ ያገኛል፣ ሽምብጥ ያለች ባለ ሱቅ የተረሳ ቦርሳ ታስቀምጣለች፣ ፔዳ በር ላይ አንድ ተማሪ ቁልፍ ያነሣል። ያገኘው ሰው ቁልፉን እንዴት እንደገለጸው ደብተሩ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ “3 ቁልፍ፣ አንዱ ዝጓል”። ባለቤቱ ይህን ሰምቶ መጥቶ እንደወሰደ የሚናገር ሌላ መስመር ከሁለት ቀን በኋላ አለ።

ሌላው ደግሞ ሰዓት ነው። በመጋቢት ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመለስ የስቱዲዮው የግድግዳ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ኖሮ፣ እኛም በእሱ እየተመራን ሦስት ቀን ሙሉ የተሳሳተ ሰዓት ነገርን። በአራተኛው ቀን አንድ የትምህርት ቤት ጥበቃ ደወለ። ሰውየው በየማለዳው ደወል የሚመታው በእኛ ሰዓት ነው። “እናንተ ስትሳሳቱ ርእሰ መምህሩ የሚቆጣው እኔን ነው፤ ተማሪው ደግሞ አርፍዶ ሲመጣ ራዲዮው እንዲህ አለ ይላል” አለ። ደብተሩ ላይ ያለው ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ “ሰዓት፣ ጥበቃው።”

ስለ ጀልባ ነጂው ግን ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ደብተሩን በማነብበት ጊዜ ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የመጣው እሱ ነውና። ጣናን በቅርብ የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሐይቁ ማለዳ ይተኛል፣ ከቀትር በኋላ ንፋስ ሲነሣ ይቆጣል። ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው ሁሉ ማለዳውን ይሻማል፤ ከዘጌ የሚመጣውም ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ጭኖ ቀድሞ መድረስ ይፈልጋል። ይህ ሰው በሞተር ጀልባ ሰው ያመላልሳል። ከመነሣቱ በፊት፣ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ገና እንደተጀመረ፣ 12 ሰዓት ከ40 አካባቢ ይደውልና ሐይቁ እንዴት እንዳደረ ይነግረናል። ማንም ይህን ሥራ አልሰጠውም። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን ጉም ወርዶ መውጣት ስላልቻለ፣ ተሳፋሪዎች ወደ ወደቡ በከንቱ እንዳይመጡ ንገሩልኝ ብሎ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ አላቋረጠም። “ዛሬ ጸጥ ብሏል፤ ወተት ነው።” “ዛሬ ከደቅ ደሴት በኩል የሚመጣው አላማረኝም።” “እምቦጩ ዳር ይዟል፤ ሞተሬን አንቆ ሊገድልብኝ ነበር።” እኔን እታለም ይለኛል፤ እኔም አያ እለዋለሁ፤ ስሙን ለማወቅ ወደ ደብተሩ መሄድ አለብኝ፤ እዚያም ቢሆን የስሙ ዓምድ ላይ “ጀልባ” ተብሎ ነው የተጻፈው።

እንደ ሜትሮሎጂ ባለሙያ ቁጥር አይናገርም። ጣና ጥልቀቱ ትንሽ፣ ስፋቱ ግን ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐይቅ በመሆኑ ንፋስ በቀላሉ ያነሣዋል፤ ይህን ባለሙያ እንግዳ አንድ ቀን በስፋት አስረድቶልናል፣ እሱም ተቀድቷል። ጀልባ ነጂው ግን ያንኑ ነገር በአንድ ትንፋሽ ይለዋል፦ “ሰፊ ሳህን ነው፤ ትንሽ ብትነካው ይፈስሳል።” ይህ አልተቀዳም፤ እኔ ነኝ በደብተሩ ጠርዝ ላይ የጻፍኩት።

አንድ ጊዜ አባቴን ለምን የእኛን ፕሮግራም እንደሚያዳምጥ ጠይቄው ነበር። እሱ ራዲዮ የለመደው በብሥራተ ወንጌል ዘመን ነው፤ ጣቢያው በ1955 ከአዲስ አበባ መሰማት ሲጀምር ገና ልጅ ነበር፤ በ1969 ተወርሶ ስሙ ሲለወጥም ያው ራዲዮ ከራስጌው አልተለየም። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያስመታዋል፤ ከዚያ ለአንድ ሁለት ማታ ነፍስ ይዘራል። “ያን ጊዜ ስለ ባሕር ዳር የምሰማው አንድ ትልቅ ሰው ሲመጣባት ወይም አንድ ክፉ ነገር ሲደርስባት ነበር” አለኝ። “እናንተ ግን ምንም ሳይደርስባትም ታወሯታላችሁ።” አሞገሰን ወይስ ነካን እስከ ዛሬ አልለየሁትም፤ ግን የዓመት መዝጊያውን ሳሰናዳ ወደ ጆሮዬ የሚመጣው ይህ አነጋገሩ ነው።

ከተማዋ ግን ምንም ያልደረሰባት ብቻም አልነበረችም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ሰሞን ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ የስልክ ደብተሩ ከሌላው ጊዜ በፍጥነት ነበር የሚሞላው። በቴሌግራም ይተላለፍ የነበረው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ፦ ዛሬ መንገድ አለ ወይ፣ ባንክ ተከፍቷል ወይ፣ ለቅሶው መቼ ነው፣ ልጁ በሰላም ገብቷል ብላችሁ ንገሩልኝ። ባጃጅ በማይንቀሳቀስባቸው ጠዋቶች እኛም በእግር እንመጣ ነበር፤ አንዳንዴም ስቱዲዮው ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈን እናድር ነበር። ስለዚያ ጊዜ ከሃርድ ዲስኩ የማገኘው መግለጫ ብቻ ነው። የደብተሩ ገጾች ግን ጥግ ጥጋቸው ሳይቀር ተጽፎባቸዋል፤ መስመር ሲያልቅ በዓምዶቹ መካከል በቀጭኑ ተጽፏል። እነዚያን ገጾች ለዘንድሮው መዝጊያ አልተጠቀምኩባቸውም፤ የዘንድሮ አይደሉም። ነገር ግን ደብተር ማንበብ እንዳለብኝ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

ለፕሮግራሙ መሪ ሐሳቤን ሳቀርብ መጀመሪያ አልተቀበለውም። “ድምፅ የሌለው ነገር በራዲዮ እንዴት ይቀርባል?” አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አቅራቢያችን መስመሮቹን እንደ ተጻፉት ያንብባቸው፣ በመካከል ሙዚቃ አይግባ፣ ማብራሪያም አይጨመር አልኩ። በመጨረሻ በአርባ ደቂቃ ተስማማን። የቀረው ጊዜ እንደ ቀድሞው ይሆናል።

መዝጊያውን ያቀድነው ለጳጉሜን 4 ነበር፤ በ5 ሰው ገበያ ስለሚውል። ይሁን እንጂ ጳጉሜን 4 ቀን የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ምረቃ ሆነ፤ አየሩም በሙሉ ለእሱ ተሰጠ። በዚህ ቅሬታ ሊኖር አይችልም። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ነው፤ የእኛም ፕሮግራም የተጀመረው በዚያው ዓመት በመሆኑ ግድቡና እኛ እኩያሞች ነን፤ እሱ 5,150 ሜጋ ዋት ሆኖ አደገ፣ እኛ ደግሞ እንደምታዩን ነን። በዚያን ዕለት ጠዋት ከተመዘገቡት ደዋዮች አንዱ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ በኩል የሚኖር ሰው ሲሆን፣ ጉዳዩ እንዲህ ተጽፏል፦ “ውሃው ከእኛ ደጅ ነው የሚነሣው፤ ሰላም በሉልን።” ለማን ሰላም እንደምንል አልተጻፈም፤ ለውሃው ይመስለኛል።

በመጨረሻው ጠዋት የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ያስያዝነው በየዓመቱ ለሚመጡት መሪጌታ ነበር። እሳቸው ካልመጡ አድማጭ ዓመቱ የተዘጋ አይመስለውም። ወረቀት ይዘው አይመጡም፤ ጣታቸውን እየቆጠሩ ባሕረ ሐሳቡን፣ ማለትም የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን ስሌት፣ ያወጡታል። 5,500 ዓመተ ፍዳ ላይ 2018 ሲደመር 7,518፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፤ ሁለት ማርቆስ ነው። ከዚያ ለ19 ያካፍላሉ፤ ወንበሩን ያወጣሉ፣ አበቅቴውን 12፣ መጥቅዑን 18 ይላሉ፤ መስከረም 18 እሑድ ስለሚውል የእሑድን ተውሳክ ሰባትን ይደምሩና 25 ላይ ያርፋሉ። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ይህን ሁሉ ሲሉ የሚሰማው ድምፅ የጣታቸው ነው፤ አውራ ጣታቸው በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሲያርፍ ጠረጴዛውን በትንሹ ይነካል፤ ማይክሮፎኑ ደግሞ ይለቅመዋል። የቀድሞው ቴክኒሺያን ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ያነጥፍ ነበር። እኔ ጨርቁን አንሥቼዋለሁ። ስሌቱ እንዳለቀ አንድ ሙስሊም አድማጭ ደውሎ ረመዳንም ጨረቃው ሲታይ በዚያው የካቲት ሁለተኛ ሳምንት ገደማ እንደሚገባ አስታወሰና፣ “እንግዲህ ዘንድሮ አብረን ነን፤ ምግብ ቤቶች ይዘኑ” ብሎ ስቱዲዮውን አሳቀ።

ከዚያ ደብተሩ ቀረበ። አቅራቢያችን መነጽሩን አድርጎ፣ ሰዓቱን፣ ሰፈሩን፣ ጉዳዩን እያለ ማንበብ ጀመረ። “12 ሰዓት ከ55። ከጊሽ ዓባይ። ውሃ 4ኛ ቀን።” ዝም። “1 ሰዓት ከ10። ከቤዛዊት ሥር። በግ ጠፍታ፣ ጆሮዋ የተቀደደ።” ዝም። “1 ሰዓት ከ12። ከዚያው። በጓ ተገኘች።” የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለእኔ ከባድ ነበሩ፤ የፕሮግራሙ መሪ በመስተዋቱ በኩል ሲያየኝ እኔ ወደ ሚክሰሩ አያለሁ። ከዚያ አቅራቢው ራሱ ዝምታውን እየወደደው መጣ፤ መስመር ካነበበ በኋላ ትንሽ ይጠብቃል፤ ያኔ ስልኮቹ መብራት ጀመሩ። የበጓ ባለቤት ደወለ፤ በጓ ለቡሄ ታርዳለች። ደወል መቺው ጥበቃ ደወለና ሰዓታችን አሁን ልክ መሆኑን መሰከረ። የዛገው ቁልፍ ባለቤት ግን በሌላ ሰው ስልክ ደውሎ ቁልፉ እንደገና እንደጠፋ ነገረን። ጳጉሜን 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ልጆቿ በርሜል ደጅ አውጥተው ዝናብ ሲጠብቁ ያረፈደች እናትም ነበረች፤ ልጆቹ ከኋላዋ ይጮኻሉ፤ ራዲዮኑንም አልቀነሰችም፤ ማንም ቀንሺ አላላትም።

ካለፈው ዓመት ደብተር አንዲት መስመር ብቻ ሰርቄ አስገብቼ ነበር፤ የድልድዩን ሴት። መስመሩ “ድልድይ፣ እርምጃ ቆጥራለች” ይላል፤ ስልክ የተቀበለው ልጅ ቁጥሩን አልጻፈውም። አቅራቢያችን ካነበበው በኋላ ከሌሎቹ ረዘም አድርጎ ጠበቀ። አልደወለችም።

ያልተሳካው ክፍል ጀልባ ነጂውን የሚመለከት ነው። እሱን ብቻ ሳይቀዳ ዓመቱ እንዲያልፍ አልፈለግሁም፤ ስለዚህ ዋዜማውን ማታ ደውዬ ነገ ድምፅህን እንቀዳለን፣ በክብር እንግድነት ትቀርባለህ አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም። በማግስቱ መስመር ላይ ሲገባ ድምፁን አላወቅኩትም። “በመጀመሪያ ይህንን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ለጣቢያችሁ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ” ብሎ ጀመረ። የውሃ ትራንስፖርት ዘርፉ ያለበትን ደረጃ፣ የባለድርሻ አካላትን ሚና፣ የሐይቁን ሀብት በአግባቡ የመጠቀምን አስፈላጊነት በየተራ አነሣ። ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ፤ 14 ዓመት ሙሉ ከእኛ ነው የሰማው። መቅጃው እየሠራ ነው፣ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ከጀርባው ጫጫታ የለም፤ ለዚህ ሲል ከወደቡ ርቆ፣ ቤት ዘግቶ ነበር የደወለው። ከሃርድ ዲስኩ ኃላፊዎች ጋር ቢደባለቅ ማንም አይለየውም።

አቅራቢያችን አመስግኖ ወደ ማስታወቂያ ሲያልፍ መስመሩን ወደ እኔ ሳብኩት፤ ልሰናበተው ነው። መቅጃውን ማጥፋቴን ነገርኩት።

“ጥሩ ነበር እታለም?” አለኝ።

“ጥሩ ነበር አያ።”

“እንግዲህ ልውረድ፤ አርፍጃለሁ። ከደቅ በኩል ዳመናው ጥርሱን አሳይቷል፣ ሰዎቹም በጎቻቸውን ይዘው ጀልባው አጠገብ ተኮልኩለዋል። በግ ደግሞ ማዕበል አይወድ፤ ሲፈራ አንድ ጎን ይከመራል። ከአምስት ሰዓት በኋላ የሚሻገር ካለ ነገ በዓሉን ይዋልና ይምጣ በሉልኝ።”

ደብተሩን ሳብኩና በዓመቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩት፦ 2:35፤ ጀልባ፤ ከ5 ሰዓት በኋላ አይሻገሩ። ወረቀቱን በመስተዋቱ ቀዳዳ በኩል ለአቅራቢው አቀበልኩት፤ እሱም ከማስታወቂያው እንደተመለሰ አነበበው።